«የዕፅዋትን ጥቅም ዘርዝሩ»

ከአካባቢ ሳይንስ ፈተና የማይጠፋ ጥያቄ ነው፦ «የዕፅዋትን ጥቅም ዘርዝሩ»። የጎንደርም ሆነ የደባርቅ ልጅ መልሱን በቃሉ ይዞታል። ለምግብ፣ ለመድኃኒት፣ ለቤት መሥሪያ፣ ለማገዶ፣ አየር ለማጽዳት። ሙሉ ማርክ ያገኛል። ያንኑ ልጅ ከክፍል አውጥተው ከአጥሩ ሥር የበቀለውን እያሳዩ «ይኼስ ምንድን ነው?» ቢሉት ግን መልሱ አንድ ነው፦ «ሣር»። አያቱ ብትጠየቅ ሰንደዶውን ከአክርማው ትለያለች፤ መቼ እንደሚነቀል፣ የትኛው ለውስጥ፣ የትኛው ለመጠቅለያ እንደሚሆን፣ ተነክሮ አለላ እስኪሆን ምን ያህል እንደሚደክምበት ትናገራለች። ማርክ የሚሰጣት ግን የለም።

በአያትና በልጅ ልጅ መካከል ያለው ይህ ክፍተት ትንሽ ጉዳይ አይደለም። በጎንደር ቤት ውስጥ አንድ ቀን የዋለ ሰው ያውቀዋል። ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል። ጠላው ያለ ጌሾ ጠላ አይሆንም። ነጠላው በእንዶድ ይነጣል፣ ጥርሱ በወይራ መፋቂያ ይጸዳል። ምች ለመታው ዳማከሴ ይታሽለታል። ለበዓል የሴቶች እጅና እግር በእንሶስላ ይደምቃል። ወደ ስሜን ከፍ ሲሉ ደግሞ ሻዩ በጦስኝ ይጣፍጣል፣ ቤቱ በጓሳ ይከደናል። ይህ ሁሉ እውቀት የተጻፈው በመጽሐፍ ሳይሆን በእጅ ላይ ነው። በእጅ ላይ የተጻፈ ነገር ደግሞ እጁ ሲያርፍ አብሮ ይቀበራል።

እውቀቱ ተራ የሴቶች ሥራ ነው ብሎ ለሚንቅ ሰው የእንዶድ ታሪክ በቂ መልስ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ የብልሃርዝያን በሽታ ሲያጠኑ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች ልብስ በእንዶድ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ባለው ውኃ ውስጥ በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ይገኛሉ። ከዚህ የተነሣው ምርምር በዓለም ታወቀ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 አክሊሉ ለማና ባልደረባቸው ለገሠ ወልደዮሐንስ «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። የምርምሩ መነሻ ከውጭ የመጣ መሣሪያ አልነበረም፤ ልብስ አጣቢ ሴቶች የሚያውቁት ፍሬ ነበር። ሳይንቲስቱ ያደረጉት ትልቁ ነገር ሥራቸውን ቆም ብለው ማየታቸው ነው። ቆም ብሎ የሚያይ ልጅ የሚወጣው ቅጠሉን በእጁ ከሚነካ ክፍል ነው።

ጎንደር ራሷም የቆየ ምስክር አላት። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ከተማዋ ሲገባ ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል ጣሊያናዊ ሠዓሊ አብሮት ነበር። ባሉጋኒ የአገሩን ዕፅዋት ቅጠል በቅጠል፣ አበባ በአበባ ሲሥል ቆይቶ በዓመቱ እዚያው ጎንደር ሞተ። ብሩስም እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ኮሶን ለአውሮፓ አንባቢ አስተዋወቀ። የባሉጋኒ ሥዕሎች ዛሬ አሜሪካ፣ ዬል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በክብር ተቀምጠዋል። ኮሶው ደግሞ አሁንም በስሜን ደጋ ቆሟል። የቀረው ከሥሩ ተቀምጦ ቅጠሉን የሚሥል የአገሩ ልጅ ነው። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

ለዚህ የሚሆን የማስተማሪያ ዘዴ ከውጭ መፈለግም አያስፈልግም። ጎንደር የአብነት ትምህርት አገር ናት። የቆሎ ተማሪ ፊደል ብቻ አይማርም፤ ብዕሩን ከመቃ ይቀርጻል፣ ቀለሙን ያዘጋጃል፣ ልብሱን በእንዶድ ያጥባል። ተማሪው የሚጽፍበትን ነገር ከየት እንደመጣ ያውቃል። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ብዙ ነገር ሲያመጣ ይህን አንዱን ጥሎ አለፈ።

ለምን ጣለው? አንዱ ምክንያት የእጅ ሥራ ንቀት ነው። ከጎንደር ከተማ ወጣ ብላ ያለችው ወለቃ በሸክላ ሥራዋ የታወቀች ናት። ሸክላውን ይሠሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን ግን ለዘመናት «ቡዳ» እየተባሉ ኖረዋል። ወጥ የሚሠራበትን ድስት፣ መሬት የሚያርሰውን ማረሻ የሠራ እጅ ተሰድቦ ኖረ። በአንድ በኩል ይህ ንቀት፣ በሌላ በኩል «ተምሮ ቢሮ ይግባልኝ» የሚል የወላጅ ምኞት ተጋግዘው የእጅ ሥራን ከክፍል አባረሩት። ስለዚህ አንድ ወንድ ልጅ ከእኅቱ ጎን ተቀምጦ ወስፌ ሲይዝ የሚማረው ስፌት ብቻ አይደለም። መሶብ ስንት ቀን እንደሚፈጅ በገዛ ጣቱ ያወቀ ልጅ ሠሪዋን መናቅ ይከብደዋል።

ወላጆች የሚያነሡት ተቃውሞ ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። «ልጄን ከሞፈርና ከቀንበር እንዲያመልጥ ነው ትምህርት ቤት የላክሁት፤ እዚያም ቁፋሮ ነው?» ይላሉ። እውነት አላቸው። የትምህርት ቤት እርሻ በልጆች ጉልበት የመምህራን ድንች የሚመረትበት ከሆነ መዘጋት አለበት። አምስት በአምስት ሜትር የሆነች መደብ ግን ሌላ ነገር ናት። ልጁ ዘር ይቆጥርባታል፣ ቁመት ይለካባታል፣ የበቀለውንና ያልበቀለውን ይመዘግባል። ሒሳብና ሳይንስ ከዚህ የተሻለ ሰሌዳ የላቸውም። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይባላል፤ እዚህ ግን የሚፈለገው ራቱ አይደለም፣ ማቡካቱን መማሩ ነው።

ሌላው እንቅፋት የወቅት ነው። መደቡ ዝናብ በሚያገኝበት በሐምሌና በነሐሴ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። በየዓመቱ በዘመቻ የሚተከለው ችግኝ ላይም የሚታየው ይኸው ነው፤ መትከያ ቀን አለው፣ ተንከባካቢ ግን የለውም። መፍትሔው ሥራውን ከወቅቱ ጋር ማስማማት ነው። ትምህርት በሚጀመርበት በመስከረም ክረምቱ አልፎ ሣሩ ደርሷል፤ ዓመቱ በሰንደዶ ለቀማና በስፌት ይጀመር። በጋውን ቅጠል እያደረቁ ስሙን መጻፍ፣ መቃ መቅረጽ፣ ከቃጫ ገመድ መግመድ ይቻላል። ሰኔ ሲገባ ይዘራል። የቆላና የደጋው ልዩነትም ይታሰብ። በጎንደር ዙሪያ ወይና ደጋ ቅል ዘርቶ፣ አድርቆ፣ ፈልፍሎ ዕቃ ማድረግ ይቻላል፤ አንድ ልጅ ከዘር እስከ ዋንጫ ያለውን መንገድ በአንድ ዓመት ያያል። በደባርቅና በጃናሞራ ብርድ ግን ገብስ፣ ተልባና ጦስኝ ይሻላሉ።

አስተማሪዎቹ ሩቅ አይደሉም። ቅዳሜ ገበያ ሰፌድ ይዘው የሚቀመጡት እናቶች ናቸው። ነገር ግን «ባህላችንን አስተምሩልን» ተብለው በነጻ መጠራት የለባቸውም። እንደ ማንኛውም ባለሙያ የሰዓት አበል ይከፈላቸው። ንቀቱን ከንግግር ይልቅ ክፍያ ይሰብረዋል። አንድ ጥንቃቄም ይጨመር፦ መድኃኒትነት ያላቸው ዕፅዋት ይታወቁ፣ ይሣሉ፣ ይተከሉ እንጂ በልጅ እጅ አይቀመሙ። ኮሶ መጠኑን ሲያልፍ እንደሚጎዳም የትምህርቱ አካል ይሁን።

ለሰሜን ጎንደር ደግሞ ጉዳዩ ከስፌትም ያልፋል። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ዝርዝር ገብቶ የወጣው በ2017 ነው። በዚያ ጥረት መካከል በፓርኩ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ሕዝብ ወደ ደባርቅ ተዛወረ። እነዚያ ቤተሰቦች ከመሬታቸው ጋር የጓሳውን፣ የአስታውን፣ የጅብራውን ጎረቤትነት ጥለው ወጡ። ከተማ ያደጉት ልጆቻቸው ስለ ተራራው ከአባታቸው ወሬ በቀር ምን ይቀራቸዋል? ተራራውን ነገ የሚጠብቀው ትውልድ በታጠረ ሣርና በጥበቃ ጠመንጃ ብቻ አይፈጠርም። ጓሳ ምን እንደሆነ በሚያውቅ ልጅ ነው የሚፈጠረው።

«በዚህ ሁሉ መከራ መካከል ስለ ሣር ይወራል?» የሚል ይኖራል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በቀጠለው ግጭት በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ብዙ ልጆች ፊደል ሳይቆጥሩ ዓመታት እያለፉ ነው። የተዘጋን ክፍል የሚተካ ነገር የለም፤ መደብና ወስፌም አይተኩትም። ነገር ግን መጽሐፍ፣ መብራትና ወንበር በሌለበት ግቢ ውስጥ እንኳ አንዲት አያት፣ አንድ እፍኝ ሰንደዶና ዐሥር ልጆች ካሉ ትምህርት አለ። ክፍሎቹ ሲከፈቱ ደግሞ ከዘረፋና ከቃጠሎ የተረፈ አንድ ማስተማሪያ ግቢው ውስጥ በቅሎ ይጠብቃል።

ያኔ ፈተናው ላይ ጥያቄው በትንሹ ይቀየር። «የዕፅዋትን ጥቅም ዘርዝሩ» ከማለት ይልቅ «አንዱን አምጡና አሳዩ» ይበል።