ራሕመቱን በተከደነ ዕቃ እንቀበል



የበጋው ሐሩር በሆመቾና በአካባቢዋ ምን እንደሚመስል ለእናንተ መንገር አያሻም። ወደ ጊቤ ሸለቆ በወረድን ቁጥር ምድሩ እንደ ምጣድ ይግላል፤ ምንጩ ይሳሳል፤ እናቶችም ጀሪካን ደርድረው ወረፋ ይጠብቃሉ። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ይጠቁርና ነጎድጓዱ ያስገመግማል፤ የበልጉ ዝናብም ይወርዳል። ልጆች እየጮሁ ወደ ውጭ ይሮጣሉ፤ አዛውንቶች «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ።

ደስታው ተገቢ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዝናብ ሲዘንብ ልብሳቸውን ገለጥ አድርገው ሰውነታቸውን ያስነኩ እንደነበር፣ ዝናቡን ጠቃሚ እንዲያደርገውም አላህን ይለምኑ እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። ልብ በሉ፤ የለመኑት ዝናብን ብቻ ሳይሆን ጠቃሚ ዝናብን ነው። እኛም ዱዓውን እናደርጋለን። ከዱዓው ጋር አብሮ የሚሄደው ሥራ ግን በየቤቱም ሆነ በየመስጊዱ ችላ ተብሏል የሚል እምነት አለኝ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህንኑ ማሳሰብ ነው።

የመጀመሪያው ዝናብ ከሁሉም ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻ ነው። ለምን ቢባል በደረቁ ወራት በየሜዳውና በየቦዩ የተከማቸውን ዓይነ ምድርና ቆሻሻ ሁሉ ጠርጎ ወደ ምንጭና ወንዝ የሚያወርደው እርሱ ነው። በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የከረመው አቧራና የወፍ ኩስም በዚያው ውሃ ይታጠባል። ስለዚህ የጣሪያ ውሃ የምታጠራቅሙ ቤተሰቦች የመጀመሪያውን ዝናብ ለቅቃችሁ ጣሪያው ከታጠበ በኋላ የሚወርደውን ያዙ። በ1998 ዓ.ም ከጋምቤላ ተነስቶ ወደ በርካታ ክልሎች የተዛመተው አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት (አተት) የተበከለ ውሃ ምን ያህል ጥፋት እንደሚያደርስ አሳይቶናል።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ውሃ ማፍላት፣ ወይም እንደ «ውሃ አጋር» ያለውን ማከሚያ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ጨምሮ 30 ደቂቃ መጠበቅ፣ ከዚያም ዕቃውን መክደን ነው። ሌሊት ዕቃዎቻችንን እንድንከድንና የውሃ አቁማዳዎችን አፍ እንድናስር ያዘዙን ራሳቸው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ናቸው። ይህን ሱና ያለ ምንም ወጪ መፈጸም ይቻላል።

ክዳኑ ሌላም ጥቅም አለው። ዝናቡ ካቆመ በኋላ በየጉድጓዱና በየበርሜሉ የሚቀረው ውሃ በሁለት ሳምንት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ትንኝ ያፈላል። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር ወር መግቢያ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ብቻ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በወባ መያዛቸው ተመዝግቧል። ከዚህም በላይ እ.ኤ.አ. በ2016 በሶማሌ ክልል ቀብሪደሃር የተገኘችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው የወባ ትንኝ በከተማ ውስጥ፣ ክዳን በሌለው በርሜልና የውሃ ማጠራቀሚያ ትራባለች። እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ በበጋ ወቅት ለተነሳው የወባ ወረርሽኝ ምክንያት ሆናለች። በመሆኑም የውዱእ ውሃ የሚቀመጥበት በርሜል አፉን ከፍቶ እንዲያድር መተው የመስጊዱን ጎረቤቶች መጉዳት ነው።

ስለ ነጎድጓዱም ጥቂት እንበል። የጋለ መሬት ላይ የሚወርድ ዝናብ መብረቅ ያበዛል። ብልጭታውን አይታችሁ 30 ሳትቆጥሩ ድምፁን ከሰማችሁ አደጋው ቅርብ ነውና ከማሳና ከዛፍ ሥር ራቁ፤ ቤት ግቡ፤ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ ታገሡ። መብረቅ የመታው ሰው አካል ኤሌክትሪክ አይዝም፤ አትፍሩት፤ ትንፋሽ ካጣ ወዲያውኑ እርዱት፤ ወደ ጤና ተቋም አድርሱት። ጎርፍም ቢሆን እኛ ያለንበት ሳይዘንብ ከላይ ከደጋው ሊመጣ ይችላል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም መጨረሻ የድሬዳዋው ደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ሕዝብ በተኛበት ከ200 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። በረሃማዋ ጅዳም እ.ኤ.አ. በኅዳር 2009፣ ሑጃጅ ወደ ሚና በሚጓዙበት ዕለት፣ በጥቂት ሰዓታት ዝናብ ከ100 በላይ ሰዎች ሞተውባታል። ደረቅ ወንዝ ደረቅ ስለሆነ ብቻ አይታመንም።

አንዳንድ አባቶች መብረቁ እያበረቀ፣ ቦዩ እየሞላ በጨለማ ወደ መስጊድ ሲሄዱ እናያለን። ኒያቸው ያማረ ነው። ነገር ግን ኢብን ዐባስ (ረ.ዐ) በዝናባማ የጁሙዓ ቀን ሙአዚኑን «በየቤታችሁ ስገዱ» ብሎ እንዲያውጅ ማዘዛቸው በሰሒሕ ሐዲስ ተመዝግቧል። ይህ ሩኽሳ የተሰጠን ልንጠቀምበት ነው። የመስጊድ ኢማሞቻችን ይህን ለሕዝቡ ቢያስታውሱ ነፍስ ያድናሉ።

አሁን ከመድኃኒት ቤት ጠረጴዛ ጀርባ ሆኜ በየዓመቱ ወደማየው ልሻገር። ዝናቡ በገባ በሁለተኛው በሦስተኛው ሳምንት «ልጄ አተኮሰው፣ የወባ መድኃኒት ስጪኝ» የሚል ሰው ይበዛል። ምርመራ ተደርጓል ወይ ሲባል ብዙዎች ቅር ይላቸዋል። እባካችሁ ቅር አይበላችሁ። ትኩሳት ሁሉ ወባ አይደለም፤ ታይፎይድም፣ የሳንባ ምችም ሊሆን ይችላል። ሳይመረመሩ መድኃኒት መውሰድ እውነተኛውን በሽታ ይሸፍነዋል። ልጅ ካተኮሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ይመርመር። ኮአርተም ከታዘዘለት 6ቱን ጊዜ በ3 ቀን ውስጥ ይጨርስ፤ ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይውሰድ። በሁለተኛው ቀን ስለተሻለው ቀሪውን ለእህቱ ማስቀመጥ ሁለቱንም መበደል ነው።

ተቅማጥ ሲይዝም በገበያ ተዘርግቶ የሚሸጥ ቴትራሳይክሊን ለልጅ አትስጡ። ከ8 ዓመት በታች ያለን ልጅ ጥርስ ለዘለቄታው ያበላሻል። ልጁ በመጀመሪያ የሚያስፈልገው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦ.አር.ኤስ) ነው፤ አንዱን ፓኬት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡት፤ 24 ሰዓት ካለፈው ድፉት። ከዚህ ጋር የዚንክ እንክብል ለ10 ቀን ይሰጠዋል። ጡት አይከልከል፤ የቡላ ገንፎውም ሆነ አጥሚቱ አይቋረጥ። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሽንቱ ካነሰ፣ ወይም ተቅማጡ ደም ካለበት ግን ቤት አታቆዩት። በሙቀቱ ወራት በቆርቆሮ ሥር የከረመ፣ በዝናቡም እርጥበት የነካው መድኃኒት ካላችሁ አትመኑት።

«ሁሉም በቀደር ነው» የሚል ወንድም አይጠፋም። እውነቱን ነው። ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መኖሩን ሰምተው በተመለሱ ጊዜ ከአላህ ውሳኔ ትሸሻለህ ወይ ተብለው ነበር። መልሳቸው ከአላህ ውሳኔ ወደ አላህ ውሳኔ እንሸሻለን የሚል ነበር። ውሃውን መክደንም፣ አጎበር መዘርጋትም፣ ልጁን ማስመርመርም ቀደር ውስጥ ነው።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው። ሰማዩ ሳይጠቁር፣ ከዝናቡ በፊት ባለ አንድ ጁሙዓ፣ በየመስጊዱ ከሶላት በኋላ አሥር ደቂቃ ለዚህ ጉዳይ ይሰጥ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትጋበዝ፤ ሴቶቹም ባሉበት ትናገር። ወጣቶች ቦይ ይጥረጉ፤ የመስጊዱ በርሜሎች ክዳን ይሠራላቸው። በአጎበርም ከሁሉ አስቀድሞ ነፍሰ ጡሯና ሕፃኑ ይተኙ። ይህን ለማድረግ ከውጭ የሚመጣ እርዳታ መጠበቅ አያስፈልግም።

አላህ ዝናባችንን ጠቃሚ፣ ልጆቻችንን ጤነኛ ያድርግልን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም።