ዳንግላ ድምፅዋ ሲጠፋ

የዳንግላ ነጋዴ በ2013 ዓ.ም. በተጀመረው ቴሌብር የእህሉን ዋጋ ሊቀበል ቆሟል እንበል። በዚያው ሰዓት አንድ ቆፋሪ በእንጅባራና በዳንግላ መካከል የፋይበሩን መስመር በዶማ ቢበጥሰውስ? መስመሩ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ የሚመጣው አንዱ ብቻ ከሆነ ዳንግላ ዝም ትላለች።

ብልሃቱ ቀለበት ነው። መስመሩ ባሕር ዳር ላይ ሳይቆም በወረታ፣ በደብረ ታቦር፣ በወልድያና በደሴ ዞሮ አዲስ አበባ ይገጥማል። ያን ጊዜ እንጅባራ በደብረ ማርቆስ፣ ዳንግላም በባሕር ዳር በኩል ይናገራሉ። ዙሪያው ለእግረኛ የብዙ ቀን ጉዞ ነው፤ በፋይበሩ ለሚሮጠው ብርሃን ግን የዐይን ጥቅሻ አይሞላም። መሣሪያው ብጣሹን ራሱ ዐውቆ ፊቱን ማዞር አለበት፤ ሠራተኛ እስኪጠራ ከተጠበቀማ ገበያው ይበተናል።

ወጪ ለመቆጠብ ሲባል ሁለት መስመር በአንድ ቦይ መቅበር ግን፣ ለእኔ እንደሚመስለኝ፣ ቀለበት አያሰኝም፤ አንዱ ዶማ ሁለቱንም ያገኛቸዋልና።