ስለ አብያታ ዓሣ



ባለፈው ወር ተማሪዎቼን ይዤ በአብያታና ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ ድንኳን ተክለን አደርን። ይብራዎች (ፔሊካን የሚባሉት) በሻላ ደሴቶች እየተራቡ ዓሣቸውን ከአብያታ ያመጡ እንደ ነበር አስረዳኋቸው። አንድ ልጅ ግን «መምህር፣ ዓሣው የታለ?» አለኝ።

መልሱ የሚያሳፍር ነው። የቡልቡላ ወንዝ ውኃ ለመስኖ ተጠለፈ፤ ሶዳ አሽ ለማምረትም ከሐይቁ ተቀዳ፤ ውኃው ሲሸሽ ጨዉ በረታ፤ ዓሣውም ጠፋ። ፍላሚንጎዎቹን ግን አይተናል፤ እነርሱ ዓሣ ፈላጊ አይደሉም። ወደ ውኃው ለመድረስ በነጭ ጭቃ ላይ ብዙ ተጓዝን፤ አንድ ጫማዬም እዚያው ቀረ።

በየቢሮው የውኃ ፈቃድ የምትፈርሙ ወንድሞቼ፣ ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ሌሊት እዚያ ብታድሩ ምን ይመስላችኋል?

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአዳማ