ከሕንፃው ምርቃት በኋላ፦ የእንክብካቤ ማዕከላት የዓመት ሙሉ ወጪ

ቤተሰብ ሊንከባከባቸው ያልቻለ አካል ጉዳተኞችንና የአእምሮ ሕሙማንን በቋሚነት የሚያኖሩ የሀገራችን በጎ አድራጎት ማዕከላት በእጅጉ የተመሠረቱት በሕዝብ ልገሳ ላይ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን ለማቋቋምና ለመርዳት ሀብት እንዲመድብ ይደነግጋል። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትንም በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። ይሁን እንጂ የዕለት ወጪው ሸክም ዛሬም በአብዛኛው የሚያርፈው በበጎ አድራጊው ትከሻ ላይ ነው።

ልገሳው ደግሞ ወቅት አለው። በበዓል ሰንጋ ይታረዳል፤ ለሕንፃ ማስጨረሻ ብር ይዋጣል። ሕንፃው ከተመረቀ በኋላ የሚቀጥለው የደመወዝ፣ የቀለብና የንጽሕና ወጪ ግን አስታዋሽ ያጣል። የእንክብካቤው ደረጃ የሚወሰነው በዚህ ወጪ ነው።

ከአልጋ መነሣት የማይችል ሰው የመኝታ ቁስል እንዳይወጣበት በየሁለት ሰዓቱ ገደማ መገላበጥ አለበት። ይህም በስምንት ሰዓት የሌሊት ፈረቃ አራት ጊዜ ነው፤ ለዐሥር ሰዎች 40 ጊዜ ይሆናል። ለአንዱ 10 ደቂቃ ቢመደብ 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይፈጃል። እንዲህ ያሉ 20 ሰዎች ለአንድ ተንከባካቢ ከተሰጡ፣ የቱንም ያህል ቢተጋ ሌሊቱ አይበቃውም።

ሳምንት 168 ሰዓት አለው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ስለዚህ አንድ የሥራ ቦታ ቀንና ሌሊት ሳይጓደል እንዲሸፈን፣ የዓመት ፈቃድ ሲታሰብ፣ አራት ሠራተኞች ያስፈልጋሉ።

የቀለቡን ስሌት አርሶ አደሩ ከጎተራው ያውቀዋል። ለአንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ እህል ቢታሰብ፣ 50 ሰዎች በዓመት 91 ኩንታል ገደማ ይፈልጋሉ። በመኸር ማግስት የተሰጠ እህል በአግባቡ ካልደረቀና ከነቀዝ ካልተጠበቀ ክረምትን አይሻገርም። ማዕከሉ ያን ጊዜ የሚሸምተው ገበያው በተወደደበት በሐምሌና በነሐሴ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገቡ እንደ ተሽከርካሪ ወንበርና የአዋቂ ዳይፐር ያሉ ዕቃዎችን መግዣ ብር ጨምሯል።

መፍትሔው ከማኅበረሰቡ ልማድ የራቀ አይደለም። ዕድር የሚጸናው ሞት በተከሰተ ቀን በሚሰበሰብ ገንዘብ ሳይሆን በየወሩ በሚከፈል መዋጮ ነው። ማዕከላትም ከበዓል ስጦታው በተጨማሪ አነስተኛም ቢሆን የማይቋረጥ ወርኃዊ ድጋፍ፣ ከመንግሥትም የታወቀ ዓመታዊ በጀት ያስፈልጋቸዋል። ለጋሹም ሆነ ተቆጣጣሪው አካል ማዕከሉን ሲጎበኝ የአልጋውን ብዛት ብቻ ቆጥሮ አይመለስ፤ ሌሊት ስንት ተንከባካቢ ነቅቶ እንደሚያድር ይጠይቅ።