ሆዱን ላመመው ሁሉ «በሶ በጥብጥ» ከማለታችን በፊት

መካነ ሰላምም ሆነ ዙሪያው ደጋ ላይ ሆዱን ያመመው ሰው ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። «እንጀራው ከብዶህ ነው፤ ቅንጬ ብላ፣ በሶ በጥብጥ፣ ደረቅ ዳቦ በሻይ ቅመስ።» ምክሩ ከደግነት ነው፣ ለብዙው ሰውም ክፋት የለውም። ግን ይሄው ምክር በሽታውን የሚያብስባቸው ሰዎች አሉ። ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፣ ይሄን ያዙልኝ።

ሴሊያክ ይባላል። ስንዴና ገብስ ውስጥ ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አለ፤ የስንዴ ሊጥ እንደ ማስቲካ የሚሳበው በሱ ነው። ሴሊያክ ያለበት ሰው ግሉተን ሲበላ የገዛ ሰውነቱ መከላከያ ትንሹን አንጀት ይመታዋል። ቪላይ ብለን የምናስተምራቸው፣ ምግብ የሚመጡት ጣት መሳዮች ይሟሽሻሉ። ከዛማ የተበላው ሁሉ አይጠቅምም፦ ተቅማጥ፣ የሆድ መነፋት፣ ክሳት፣ ደም ማነስ፣ ልጅ ከሆነም የእድገት መጓተት። አንዳንዱ ሆዱን ጭራሽ አያመውም፣ ደም ማነሱ ብቻ ነው የሚታየው። በዓለም ከ100 ሰው አንድ ገደማ እንዳለበት ይገመታል፣ አብዛኛውም አያውቀውም።

ነገሩን የደረሰበት ዲከ የሚባል የሆላንድ የሕፃናት ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1944/45 ክረምት አገሩ በጦርነት ተርቦ ዳቦ ሲጠፋ፣ የሱ ሕመምተኛ ልጆች ተሻላቸው። ዳቦ ሲመለስ ሕመሙም ተመለሰ።

«እኛ ጤፍ በላተኞች ነን፣ ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ጤፍ ግሉተን የለውም፣ እውነት ነው። (ፈረንጅ ጤፋችንን የወደደው አንድም ለዚሁ ነው። የሆላንዱ ኩባንያ በጤፍ ላይ ያወጣውን ፓተንት የሄግ ፍርድ ቤት በ2018 ሻረበት፤ ይሄ ሌላ ጨዋታ ነው።) ግን እስቲ በዚህ ኑሮ ንጹህ ጤፍ የሚጋግር ቤት ስንት ነው? ደጋው ላይ ገብስ ይቀላቀላል፣ ስንዴ ይቀላቀላል። የሚሸጠው እንጀራ ውስጥ ምን እንዳለ የምታውቀው ጋጋሪዋ ናት። ንጹህ ጤፍ ይዛችሁ ብትሄዱ እንኳ ወፍጮ ቤት ከፊታችሁ ስንዴ ያስፈጨ ካለ፣ ድንጋዩ ላይ የቀረው ወደናንተ ዱቄት ይገባል። እርሾውም ካለፈው ቅልቅል ሊጥ የተረፈ ነው።

በሶው፣ የገብስ ቆሎው፣ የገብስ ገንፎው፣ መኮሮኒው፣ ብስኩቱ፣ ሳምቡሳው አለ። ጠላም ብቅሉ ገብስ ነው። የረመዳኑ የአጃ ሾርባም ያው ነው፤ ብዙ ቦታ አጃ የሚባለው የስንዴ ዘመድ ነው። ማሽላ፣ በቆሎ፣ ሩዝ፣ ድንች፣ ምስር ግን ግሉተን የላቸውም። ወተት ደግሞ ለብቻው ነው፦ አንጀቱ ሲጎዳ የወተቱን ስኳር የሚፈጨው ኤንዛይም ስለሚቀንስ ይነፋል፤ አንጀቱ ሲያገግም ብዙ ጊዜ ይስማማል።

እኔን የሚያናድደኝ ሰው ተቅማጥ ባለው ቁጥር የጃርዲያና የአሜባ መድኃኒት እየተሰጠው፣ አንድ ሰው እንኳ «ምን ስትበላ ነው የሚብስብህ?» ሳይለው ዓመት ማለፉ ነው። ጃርዲያው በኛ አገር ብዙ ነው፣ አልክድም፤ ቀድሞ እሱ መታየቱም ልክ ነው። ግን ታክሞ ታክሞ እየተመላለሰ ከሆነ ሐኪሙን «ሴሊያክ ይሆን ወይ?» በሉት። የደም ምርመራ አለ፣ ከዛም በኢንዶስኮፒ ከአንጀት ናሙና ይወሰዳል። ምርመራው በየክሊኒኩ የሚገኝ አይደለም፣ ሪፈር ይጻፍልን ማለት ሊኖርባችሁ ነው። ወንድም፣ እህት ወይ ወላጅ ላይ ከተገኘ ደግሞ እናንተም ታዩ።

አደራ፣ ይሄን አንብባችሁ ዛሬውኑ ስንዴ እንዳታቆሙ። ሳትመረመሩ ካቆማችሁ ደሙ ውስጥ የሚፈለገው ምልክት ይቀንስና ውጤቱ «የለም» ሊል ይችላል። እየበላችሁ ነው መመርመር።

በሽታው የተረጋገጠበት ሰው ግን ዕድሜ ልኩን ነው የሚጠነቀቀው፣ ትንሿም ትጎዳዋለች። ስለዚህ ቡና ላይ ዳቦ አልበላም ሲል «በሞቴ፣ አንዴ ብቻ» እያላችሁ አታስጨንቁት። ለብቻው የተቆላ ሽምብራ ካለ አቅርቡለት።