ዝምታ የሚያስከፍልበት አገር

“ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም” ይላሉ አበው። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል የአፓርትመንት ፓርኪንግ ግን ዝምታ ያስከፍላል። ብዙ ወገን ውሉ በፈቀደለት ቦታ መኪናውን አቁሞ አድሮ፣ ጠዋት መስታወቱ ላይ የክፍያ ወረቀት ሲያገኝ “በሰው አገር ምን ክርክር አለ” ብሎ ይከፍላል፤ ወይም ወረቀቱን ይጥለዋል። ሁለቱም አይበጅም።

የግል ኩባንያ ወረቀት የፖሊስ ቲኬት አይደለም። ኩባንያው ዳኛ ስላልሆነ አልከፍልም ያለውን ለማስገደድ ፍርድ ቤት መሄድ አለበት። ይሁንና በሚኒሶታ ሕግ፣ ማስታወቂያ በአግባቡ ከተለጠፈበት የመኖሪያ ግቢ ያለፈቃድ የቆመ መኪና ወዲያው ሊጎተት ይችላል። ስለዚህ ማስታወቂያውንና የፓርኪንግ ፈቃዱን ፎቶ አንስቶ፣ የኪራይ ውሉን አያይዞ፣ ለኩባንያውም ለአከራዩም በጽሑፍ መቃወም ይገባል።

ዕዳ ሰብሳቢ ከጻፈ ደግሞ ቀን መቁጠር ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው የፌዴራል ሕግ ዕዳውን በጽሑፍ ለመቃወም 30 ቀን ይሰጣል፤ ዝም ያለውን ሰው ሰብሳቢው እንዳመነ ይቆጥረዋል። ያላግባብ የከፈለም በሄነፒን ወይም በራምዚ ካውንቲ ኮንሲሊዬሽን ኮርት ያለ ጠበቃ መክሰስ ይችላል፤ ጣሪያው ከኦገስት 2024 ጀምሮ 20,000 ዶላር ነው።

ገንዘቡ ትንሽ ነው ይባል ይሆናል። ዛሬ በዝምታ የተከፈለው ግን ነገ የጎረቤት መስታወት ላይ ይለጠፋል።