ስለ ማድ ቤት ቢላዋ አመራረጥና አያያዝ

የቤት ሥርዓት ከምን ይጀምራል ተብሎ ቢጠየቅ ብዙ ሰው ከእንግዳ መቀበያው ክፍል፥ ከወንበሩና ከመጋረጃው ይጀምራል ብሎ ይመልሳል። እኛ ግን ከማድ ቤት ይጀምራል እንላለን፤ በማድ ቤትም ካሉት ዕቃዎች ሁሉ አስቀድሞ ሊታሰብበት የሚገባው ቢላዋ ነው። ድስት ቢከፋ ወጡ ያርራል፤ ምጣድ ቢከፋ እንጀራው ይበላሻል፤ ቢላዋ ቢከፋ ግን የሚጎዳው የሰው እጅ ነው። ስለዚህ በዛሬው ገጻችን ስለ ቢላዋ አመራረጥና አያያዝ፥ ቢላዋውንም ስለሚሠራው ሰው ጥቂት ቃል ለመጻፍ ፈቀድን።

ይህን ነገር እንድናነሣ ያደረገን በአዲስ አበባ ዙሪያ የሚገኙት ከተሞች ኑሮ ነው። በጅማ መንገድ ሰበታ፥ በአምቦ መንገድ ቡራዩ፥ ከእንጦጦ ወዲያ በጎጃም መንገድ ሱሉልታ፥ ቀድሞ በሜዳቸውና በከብታቸው የሚታወቁ ትንንሽ ቦታዎች ሲሆኑ፥ ከጥቂት ዘመን ወዲህ እጅግ ሰፍተው በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች ጎረቤቶቻቸው ጋራ የሸገር ከተማ በሚባለው አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። በነዚህ ስፍራዎች አዲስ ቤት ይሠራል፤ አዲስ ተጋቢዎችም ጎጆ ይወጣሉ። ለሠርግና ለቤት ምረቃ ከሚመጣው ስጦታ አንዱ፥ በእንጨት ማቆሚያ የተሰካ፥ 12 ወይም 15 ዕቃ ያለበት የሚያብረቀርቅ የቢላዋ ስብስብ ነው። ዳሩ ግን በብዙ ቤት ይህ ስጦታ በመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ለእንግዳ ይታያል እንጂ ሥራ አይሠራበትም፤ ወጥ የምትሠራውም ሴት በጓዳ ሆና እጀታው በጨርቅ በተጠመጠመና በዶለዶመ ቢላዋ ሽንኩርቷን ትከትፋለች። ይህ ነገር የተገለበጠ ሥርዓት ነው።

አስቀድመን ስለ ብዛቱ እንናገር። ለአንድ ቤት 15 ቢላዋ አያስፈልግም፤ የኛን አገር ወጥ ሥራ በማስተዋል ቢመረጥ አራት ይበቃል። አንደኛው ስለቱ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚረዝም፥ ወርዱ ሰፊ የሆነ ትልቅ ቢላዋ ነው፤ ሽንኩርት ለመክተፍ፥ ጎመን ለመቀርደድ፥ ለክትፎም ሥጋውን ለማድቀቅ ያገለግላል። ሁለተኛው ወርዱ ጠባብ፥ ጫፉ የሾለ፥ ርዝመቱ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ የሥጋ ቢላዋ ነው፤ ዶሮውን በሥርዓቱ 12 ብልት ለማውጣት፥ ለቋንጣም ሥጋ ለመዘልዘል የሚመች እርሱ ነው። ሦስተኛው ድንችና ነጭ ሽንኩርት የሚላጥበት ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ትንሽ ቢላዋ ነው። አራተኛው ድፎ ዳቦ የሚቈረስበት ባለ ጥርስ ቢላዋ ነው። አጥንት ለመስበር ግን ከነዚህ አንዱም አልተሠራም፤ የአጥንት ሥራ የመጥረቢያ ነው። አጥንት የሚሰበርበት ቢላዋ ስለቱ እንደ መጋዝ ተሸራርፎ ይቀራል።

ስለ ብረቱም ማወቅ ያስፈልጋል። የማይዝገው ብረት የተገኘው ለማድ ቤት ታስቦ አይደለም፤ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1913፥ በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ፥ ሃሪ ብሬርሊ የሚባል የብረት ዐዋቂ የጠመንጃ አፈ ሙዝ ቶሎ እንዳይበላ የሚያደርግ ብረት ሲፈልግ ክሮሚየም የተባለውን ማዕድን በብዛት ቀላቅሎ አገኘው። ሼፊልድ ከጥንት ጀምሮ የቢላዋ ከተማ ስለ ነበረች ለጦር መሣሪያ የተፈለገው ብረት ፈጥኖ ወደ ማእድ ገባ። ዛሬ አንድ ብረት የማይዝግ ለመባል ከመቶ 10 ነጥብ 5 ያላነሰ ክሮሚየም ሊኖረው ይገባል። የጀርመኗ ዞሊንገን ደግሞ ስሟ በሐሰት ዕቃ ላይ እንዳይጻፍ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1938 ሕግ ወጥቶላታል፤ በከተማዋና በአካባቢዋ ያልተሠራ ቢላዋ ስሟን ሊሸከም አይችልም። ነገር ግን በገበያ ላይ ስም መቅረጽ ቀላል ስለ ሆነ፥ ገዢ ከስሙ ይልቅ ዕቃውን መመርመር ይበጀዋል።

ምርመራውም እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ቢላዋውን ከዓይን ፊት አቅንቶ ጀርባውን ማየት፤ የተጣመመ ከሆነ መተው። ሁለተኛ፥ የብረቱ ጅራት በእጀታው ውስጥ እስከ መጨረሻ መዝለቁንና በምስማር በደንብ መጠበቁን መመልከት፤ ጅራቱ አጭር የሆነ ቢላዋ ጠንካራ ሥጋ ሲቈርጡበት እጀታው ይወልቃልና ነው። ሦስተኛ፥ ማግኔት ማስጠጋት፤ ለስለት በእሳት የሚጠነክረው የቢላዋ ብረት ማግኔት ይስባል። ማግኔት የማይዘው ብረት ለማንኪያና ለሳሕን የሚሆን ለስላሳ ብረት ስለ ሆነ ስለቱ አይቈይም። ማግኔት መያዙ ብቻውን ግን የጥሩነት ምስክር አይደለም። አራተኛውና ዋናው፥ ቢላዋውን የምትሠራበት ሰው ራሷ በእጅዋ ይዛ ትመዝነው፤ ለአባወራው መዳፍ የተመቸ እጀታ ለእርስዋ ላይመች ይችላል።

ከውጭ አገር የመጣውን እንዲህ ከመረመርን ያገራችንን አንርሳ። በአዲስ አበባ መርካቶ፥ ምናለሽ ተራ በሚባለው ስፍራ፥ አሮጌ ብረት ተቀጥቅጦ አዲስ ዕቃ ይሆናል። ባገራችን ብረት ቀጥቃጭ ከመኪና ባሌስትራ የሚወጣው ቢላዋ ለዓይን ሻካራ፥ ለእጅም ከበድ ያለ ቢሆን ብረቱ ግን የተናቀ አይደለም። ባሌስትራ የመኪናውን ጭነት ተሸክሞ በየጉድጓዱ እየተለመጠ እንዳይሰበር ተብሎ የተሠራ አረብ ብረት ነው፤ ባለ እጁ በወናፍ አግሎ፥ በመዶሻ ቀጥቅጦ፥ በልክ ካጠነከረው ስለት በደንብ ይይዛል፤ በድንጋይም በቀላሉ ይሳላል። ጉድለቱ መዛጉ ነው፤ እርሱም ቢሆን አጥቦ ወዲያው በማድረቅና ጥቂት ዘይት በመቀባት ይከለከላል። ከሚያብረቀርቀው ርካሽ ስብስብ ይልቅ አንድ በደንብ የተመታ ያገር ቢላዋ የበለጠ ዘመን ያገለግላል ብንል አላጋነንም።

እዚህ ላይ ስንደርስ ከቢላዋው ወደ ሠሪው ማለፍ ይገባናል። ብረት ሠሪው በአማርኛ ጠይብ፥ በኦሮምኛ ቱምቱ ይባላል። ስሙ የሙያ ስም ሲሆን በብዙ ሰው አፍ የስድብ ስም ሆኖ ኖሯል። አራሹ በማረሻው አርሶ፥ በማጭዱ አጭዶ፥ ባለ ቤቱም በቢላዋው ሥጋውን ቈርጦ ከበላ በኋላ፥ ይህን ሁሉ የሠራለትን ሰው ቡዳ ነው ብሎ ይሸሸዋል፤ ልጁንም ለልጁ አይድርም። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ብረት ሠሪውን፥ ሸማኔውን፥ ሌላውንም ባለ እጅ በሥራው ምክንያት መስደብ ከልክለው ነበር። ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሆኖም በአደባባይ የተከለከለው ስድብ በየጓዳው ገና በሹክሹክታ ይሰማል። የባለ እጁ ቢላዋ ከማእዳችን ቀርቦ ባለ እጁ ከማእዳችን የሚርቅ ከሆነ፥ የተማርን ነን ማለታችን ምን ላይ ነው? ሕፃናት ንቀትን የሚማሩት ከመጽሐፍ ሳይሆን በምሳ ሰዓት ከሚሰሙት ወሬ ነው። ስለዚህ ይህን ነገር ማረም የመንግሥት ሥራ ብቻ ሳይሆን የቤት ሥራ ነው። ቢላዋ ሲገዙ ልጅን ይዞ ወደ ቀጥቃጩ ዘንድ መሄድ፥ ወናፉንና መስፉን ማሳየት፥ ባለ እጁንም በአንቱታ ማነጋገር፥ ዋጋውንም ሳይነዘንዙ መክፈል ከብዙ ስብከት ይበልጣል።

አሁን ወደ አያያዙ እንመለስ። ሰዎች ቢላዋ ሲሳል ያስፈራል ይላሉ፤ እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። የተሳለ ቢላዋ በቀስታ ሲገፉት ይገባል፤ የዶለዶመው ግን ጉልበት ስለሚጠይቅ ከሽንኩርቱ ላይ አዳልጦ ጣት ላይ ያርፋል። ሽንኩርትም በዶልዱም ሲከተፍ ይጨፈለቃልና ዓይን የሚያስለቅሰው ጭስ ይበዛበታል። ሲስሉትም መሳያ ድንጋዩን በውኃ አርሶ፥ ወርዱ 4 ሳንቲ ሜትር የሆነውን ቢላዋ ጀርባውን ከድንጋዩ ከ1 ሳንቲ ሜትር ጥቂት ከፍ አድርጎ፥ ሁለቱንም ፊት በእኩል መጠን መሳል ነው። በልኳንዳ ቤት የሚታየው ክብ የብረት ዘንግ የታጠፈውን ስለት ያቃናል እንጂ አዲስ ስለት አያወጣም፤ ስለዚህ ዘንጉ ለየቀኑ፥ ድንጋዩ ለየወሩ ነው። ድንጋይ የታጣ እንደ ሆነ ያልተለበጠው የስኒ ቂጥ ለጊዜው ያገለግላል። በኤሌክትሪክ መንኰራኵር የሚስል ሰው ሲገኝ ግን ብረቱን በውኃ እያቀዘቀዘ እንዲስል ማዘዝ ያስፈልጋል፤ ስለቱ በግለት ሰማያዊ ከመሰለ ጥንካሬው ጠፍቷል። መክተፊያውም እንጨት ወይም ላስቲክ ይሁን፤ በመስታወት፥ በእብነ በረድና በሸክላ ሳሕን ላይ መክተፍ ስለትን ይገድላል። ቢላዋን ከሌላ ዕቃ ጋራ በመታጠቢያ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ መተው ደግሞ ለብረቱም፥ ሳያይ እጁን ለሚሰደውም ሰው መጥፎ ነው።

ስለ ጤናም አንድ ነገር እንጨምር። በኦርቶዶክሳውያን ቤት የጾምና የፍስክ ቢላዋ ለይቶ መያዝ የቈየ ልማድ ነው። ይህ ልማድ ለሃይማኖት ሥርዓት የተደረገ ቢሆንም ለጤናም ይጠቅማል፤ ጥሬ ዶሮ የተበለተበት ቢላዋ ሳይታጠብ ለሰላጣ ቢውል የሆድ በሽታ ያመጣልና። ስለዚህ ጾም በሌለበትም ቀን፥ ሌላ ሃይማኖት ባለውም ቤት፥ የሥጋው ቢላዋና መክተፊያ ከአትክልቱ ተለይቶ ቢቀመጥ መልካም ነው። በእስልምናም ሥርዓት ቢላዋው ከዕርዱ በፊት እንዲሳልና ከብቱ እንዳይሠቃይ ታዟል፤ ይህም ለሁሉ የሚሆን ትምህርት ነው። በፋሲካና በገና በየሰፈሩ ቅርጫ ሲታረድ ከየቤቱ የወጣው ቢላዋ በአንድ ቆዳ ላይ ሲውል ይታያል። ወደ ቤት ሲመለስ በሙቅ ውኃና በሳሙና ታጥቦ ካልደረቀ ለሌላ ሥራ አይንካ። ጥሬ ሥጋ የኮሶ ትል እንደሚያመጣም የታወቀ ነው፤ ይህን በሽታ የተሳለ ቢላዋ አያስቀረውም፤ የሚያስቀረው በደንብ ማብሰል ነው።

በመጨረሻ የምንለው ስለ ቤት ሠራተኛ ነው። በብዙ ቤት ጣቷን የተቈረጠች ሠራተኛ፥ ሳትጠነቀቅ ነው ተብላ ትወቀሳለች። ከመውቀስ በፊት ግን የሰጠናትን ቢላዋ መመርመር ይገባል፤ ዶልዱም ቢላዋ ሰጥቶ ለቍስሉ እርስዋን መውቀስ ፍርድ ማጓደል ነው። ቢላዋ ሲቀባበሉ እጀታውን ወደ ተቀባዩ አድርጎ መስጠት፥ የወደቀ ቢላዋን ለመቅለብ እጅን አለመዘርጋት፥ በሥራም መካከል ሕፃን በማይደርስበት ማስቀመጥ፥ እነዚህን ሦስት ነገሮች እመቤቲቱ ራስዋ እየሠራች ብታሳይ ቃል ሳታበዛ ታስተምራለች።

እንግዲህ በቁም ሣጥን ተቈልፎ የሚኖር የቢላዋ ስብስብ ያለው አንባቢያችን ቢኖር፥ በዚህ ሳምንት ከፍቶ አራቱን ይምረጥ፤ ያስላቸው፤ ወደ ማድ ቤትም ይላካቸው። የቀሩትን አዲስ ጎጆ ለሚወጣ ዘመድ ቢሰጥ ደግ ሥራ ነው። የቤት ዕቃ ክብሩ በመታየቱ ሳይሆን በማገልገሉ ነው፤ የሰውም ክብር እንዲሁ በሥራው መሆኑን ቀጥቃጩ ከመስፉ አጠገብ ቆሞ በየቀኑ ያስተምረናል።